ባሕር ዳር ላይ ስልክ ሲሰረቅ፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ምን እናድርግ?

የታናሽ እህቴ ስልክ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከቦርሳዋ ወጣ። ቲማቲም አስመዝና ልትከፍል ስትል ነው ያወቀችው፤ ዚፑ ተከፍቷል፣ ስልኩ የለም። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ገበያውን ዞርን፣ ከሃያ ጊዜ በላይ ደወልን፣ ያየነውን ወጣት ሁሉ ተጠራጠርን። ሲሙን ያዘጋነው ሲመሽ ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሯን ረስታ እንዳትቸገር በወረቀት ጽፋ በስልኩ ሽፋን ውስጥ አድርጋው ስለነበር፣ እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ ወጥቷል። ስልኩም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ መምህር ስልካቸውን ባጃጅ ውስጥ ተሰረቁ። እሳቸው ከሦስት ወር በኋላ ከፖሊስ እጅ ተረከቡ። ዕድልም አለበት፤ ነገር ግን መምህሩ የስልኩን ካርቶን አስቀምጠው ነበር፣ ቃላቸውንም በዕለቱ ሰጥተዋል። እኛ ሁለቱንም አላደረግንም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስልክ ሲሰረቅ በጠየቀኝ ቁጥር የምነግረውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማሰፍረው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ተሰርቋል?

ከሌላ ስልክ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ደውሉ። ሰው ካነሳው ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ባጃጅ ወንበር ላይ ወድቆ ያገኘው ተሳፋሪ ወይም ሹፌሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ «ሌባ» ብሎ የሚጀምር ሰው ሊመልስ ያሰበውንም ያስደነግጣል። «ስልኩ የኔ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉበት ድረስ እመጣለሁ፣ ወሮታዎንም አልረሳም» ማለት ይበቃል። የምትገናኙት በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን፤ ብቻችሁንም አትሂዱ። ሰውየው «አስቀድመህ ብር ላክልኝ» ካለ ያገኘ ሰው አይደለም፤ አንድ ብር እንዳትልኩ።

ስልኩ የቀረው ባጃጅ ውስጥ ከሆነ ከየት ተነስታችሁ የት እንደወረዳችሁና ሰዓቱን ወዲያው ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ታርጋውን የሚያስታውስ ካለም ጠይቁ። የተሳፈራችሁበት ቦታ ተመልሳችሁ ተራ አስከባሪውን አነጋግሩት። በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሹፌሮች በመልክ ብቻ ሳይሆን በስልክ ቁጥርም ያውቃቸዋል።

ጠርቶ ጠርቶ በመሃል ተቋርጦ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የሚለው ድምፅ ከመጣ ግን ስልኩ ተዘግቷል ወይም ሲሙ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ተሰርቋል ብላችሁ ቀጥሉ። ደጋግሞ መደወል ስልኩ ገና በርቶ ሳለ «አጥፋው» ብሎ ሌባውን እንደማስታወስ ነው። እኛ ያንን ነው ያደረግነው።

ስልኩን ካርታ ላይ መፈለግ

ይህን የምታደርጉት ከጓደኛ ስልክ ወይም ከኮምፒውተር ነው። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሳምሰንግም ይሁን ቴክኖ፣ በመፈለጊያው ላይ «አንድሮይድ ዶት ኮም ስላሽ ፋይንድ» ብላችሁ ግቡ። አገልግሎቱ ለዓመታት «ፋይንድ ማይ ዲቫይስ» ሲባል ቆይቶ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፋይንድ ሀብ» ተብሏል። በስልኩ ላይ በነበረው ጂሜይል ትገባላችሁ፤ ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ካለው የት እንዳለ ያሳያል። ከተዘጋም መጨረሻ የታየበትን ቦታና ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። ለአይፎን «አይክላውድ ዶት ኮም ስላሽ ፋይንድ» ነው። ከአይፎን 11 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ደግሞ ከተዘጉም በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት መታየት ይችላሉ። በጓደኛ ስልክ ስትገቡ አካውንታችሁ እዚያው እንዳይቀር በስውር ገጽ፣ ማለትም በኢንኮግኒቶ ክፈቱት።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ በሁለት ነገር ይሰናከላል። የመጀመሪያው ጂሜይሉን አለማወቅ ነው። ስልክ ስንገዛ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ «አካውንት ልክፈትልህ» ብሎ በራሱ የመረጠውን ስምና ይለፍ ቃል ያስገባል፣ እኛም አመስግነን እንወጣለን። የእህቴ ስልክ እንደዚያ ነበር፤ ካርታውን መክፈት ያልቻልነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጎግል «ማንነትህን አረጋግጥ» ብሎ ኮዱን ወደዚያው ወደተሰረቀው ስልክ መላኩ ነው። አስቀድማችሁ መጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት ከያዛችሁ በነሱ ትገባላችሁ። ካልያዛችሁ ግን ምትክ ሲም አውጥታችሁ ኮዱ በአዲሱ ሲም እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የአይፎን መፈለጊያ ገጽ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ስልኩን ለመፈለግ ብቻ ከሆነ ኮድ ሳይጠይቅ በይለፍ ቃል ያስገባል።

ከገባችሁ በኋላ ካርታውን ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ቀጥላችሁ ስልኩን ቆልፉት፤ አንድሮይድ ላይ እንደጠፋ የሚመዘግበውን፣ አይፎን ላይ «ሎስት ሞድ» የሚለውን ተጫኑ። በስክሪኑ ላይ የሚታይ አጭር መልእክትና የቅርብ ሰው ስልክ ቁጥር ጻፉ። «ይህ ስልክ ተሰርቋል፤ ለመለሰ ወሮታ አለው» ብሎ መጻፍ ስድብ ከመጻፍ ይሻላል። ስልኩ ከሌባው ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ መልእክቱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነውና።

«ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ለመጫን አትቸኩሉ። አንድሮይድ ስልክ ከጠፋ፣ ማለትም ውስጡ ከተደመሰሰ በኋላ ካርታ ላይ አታገኙትም። ለመጨረሻ አስቀሩት። «ከአካውንቴ አስወግድ» የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ እንዳትነኩ፤ በተለይ አይፎን ላይ ይህን መጫን ስልኩን ለሌባው ከነቁልፉ መስጠት ነው።

ካርታው የሚያሳየው ነጥብ ዙሪያውን ክብ አለው፤ ስልኩ በክቡ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ቀበሌ ውስጥ ቤት ለቤት በተጣበቀበት ሰፈር ያ ክብ ብዙ አባወራ ይይዛል። ጓደኛ ሰብስቦ ያንን በር ማንኳኳት ንጹሕ ሰው ማዋረድ፣ ምናልባትም ደም መፋሰስ ነው። ስክሪንሾቱን ለፖሊስ ያዙ።

ለእኛ አካባቢ ሰው የምጨምረው አለኝ። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ይህ ሁሉ መንገድ ዝግ ነበር። ዳታ በሌለበት ካርታው ዝም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን አላየሁትም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ስልኩ ከቀናት በኋላ አንድ ቦታ ዋይፋይ ሲያገኝ ብቅ ሊል ይችላል። ጠዋትና ማታ ክፈቱና እዩ።

ሲሙን አሁኑኑ ላዘጋ ወይስ ልጠብቅ?

ስልኩ በዳታ የሚሠራ ከሆነ ሲሙን ባዘጋችሁ ቅጽበት ዳታውም ይቋረጣል፣ ካርታውም ያበቃል። ካላዘጋችሁት ደግሞ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከተዋል፤ የናንተ ስክሪን መቆለፉ ምንም አያግደውም። ያኔ የባንክና የቴሌግራም ኮድ ሁሉ ለእሱ ይመጣል፣ የቴሌብሩ *127# እና የንግድ ባንኩ *889# በእጁ ናቸው።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ካርታው ላይ ወዲያው ከታየላችሁና ፖሊስ አጠገባችሁ ካለ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተከታተሉ። ካልታየ ግን አንድ ደቂቃም አታባክኑ፣ አዘጉ። ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ላይ ያለው ገንዘብ ከስልኩ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነም ካርታውን እርሱት። ሲሙ ላይ ፒን፣ ማለትም የመክፈቻ የሚስጥር ቁጥር፣ አድርጎ የነበረ ሰው ብቻ ነው ተረጋግቶ መጠበቅ የሚችለው፤ ሲሙ ሌላ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ፒኑን ይጠይቃልና።

በ09 የሚጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ከሆነ 994፣ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ከሆነ 700 ደውሉ። ባለቤትነታችሁን ለማረጋገጥ ሙሉ ስም፣ አንዳንዴም በቅርቡ የደወላችሁላቸውን ቁጥሮች ይጠይቃሉ፤ የእናታችሁን ቁጥር በቃል መያዝ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ቀጥሎ ባንክ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ 951 ደውሎ የሞባይል ባንኪንጉን ያሳግዳል። በሌላ ባንክ ያላችሁ፣ ቁጥሩን ካላወቃችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቅርንጫፍ በእግር ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሳይዘጋ ድረሱ። ኤቲኤም ካርዳችሁ በስልኩ ሽፋን ውስጥ ከነበረ አብራችሁ አሳግዱ። መታወቂያችሁም እዚያ ከነበረ ለፖሊስ ስትናገሩ አትርሱት።

ወዲያው ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረባ «ስልኬ ተሰርቋል፣ በስሜ ብር የሚጠይቅ ቢኖር እኔ አይደለሁም» ብላችሁ አሳውቁ። በተለይ ገጠር ላሉ እናትና አባት ደውላችሁ ንገሯቸው። «ልጃችሁ አደጋ ደርሶበታል፣ ብር ላኩ» የሚል ስልክ ከልጃቸው ቁጥር ሲመጣ የማይደነግጥ ወላጅ የለም።

ምትክ ሲም

ሲሙን ካዘጋችሁ በዕለቱ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ምትኩን አውጡ። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፋይዳ ያላችሁ እሱን ያዙ። ሲሙ የሚሰጠው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። እህቴ ተማሪ ሳለች የተገዛው ሲም በአባቴ ስም ነበር፤ አባቴ ከዳንግላ መኪና ተሳፍሮ እስኪመጣ አንድ ቀን ተኩል አለፈን። የናንተ ሲም በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ምትኩ እጃችሁ ሲገባ ያው ቁጥር ስለሆነ ኮዶቹ ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ዋትስአፕን በሌላ ስልክ ስትከፍቱ የድሮው ላይ ይዘጋል። ቴሌግራም ግን ለየት ይላል፦ አዲስ የገባችሁበት ስልክ የድሮውን ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ቀድሞ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የቆየ ቴሌግራም ካላችሁ ግን ከዚያ ሆናችሁ በሴቲንግ፣ «ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ የተሰረቀውን ስልክ ወዲያው ማስወጣት ትችላላችሁ። የቴሌብርንና የባንኩን የሚስጥር ቁጥር ቀይሩ።

15ቱ አኃዝ

ስልኩን ራሱን ወደ እጃችሁ የሚመልሰው ነገር ካለ ይህ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቀፎ አይኤምኢአይ የሚባል 15 አኃዝ ያለው መለያ አለው፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት አለው። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የስልኩን ሞዴል፣ ቀጣዮቹ 6 የዚያን ቀፎ ተራ ቁጥር ይናገራሉ፣ የመጨረሻው ስህተት መፈተሻ ነው። በ2010 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም ቀፎ መመዝገብ ሲጀምር ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር የሰማነው ያኔ ነው፣ ረሳነውም።

ሌባው ሲሙን ቢጥል፣ ስልኩን ፍላሽ ቢያስደርግ፣ ሽፋኑን ቢቀይር፣ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይቀራል። አንድ ሰው የራሱን ሲም ከቶ በኔትወርክ ሲጠቀም ቀፎው በዚህ መለያ ይታወቃል፤ ሲሙ ደግሞ በስም የተመዘገበ ነው። የመምህሩ ስልክ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ቁጥሩን የምታገኙት ከካርቶኑ ጎን ወይም ከደረሰኙ ላይ ነው። ካርቶኑ ከተጣለ ፋይንድ ሀብ ውስጥ በስልኩ ስም አጠገብ ያለውን የመረጃ ምልክት ስትጫኑ ይታያል። አይፎን ከሆነ በአፕል አካውንታችሁ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሁለቱንም ቁጥሮች አንድ በአንድ እያነበባችሁ ገልብጡ፤ አንድ አኃዝ ከተሳተ የምትፈልጉት የሌላ ሰው ስልክ ይሆናል።

ፖሊስ ጣቢያ

የምትሄዱት ስርቆቱ ወደተፈጸመበት አካባቢ ጣቢያ ነው፤ መኖሪያችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ ቢሆንም። ከዘጌ ወይም ከሌላ ገዳም በጀልባ ስትመለሱ ካወቃችሁ፣ ከወረዳችሁበት ወደብ አቅራቢያ ባለው ጣቢያ ጀምሩና ወዴት እንደምትሄዱ ጠይቁ። የጀልባውን ባለቤትና አብረዋችሁ የተሳፈሩትን ስልክ ቁጥር ሳትለያዩ ተቀበሉ፤ ሰው አንዴ ከተበተነ አይገኝም።

መታወቂያ፣ ካርቶን፣ ደረሰኝና ስክሪንሾቱን ያዙ። ቃል ስትሰጡ «ጠፋብኝ» እና «ተሰረቅሁ» አንድ አይደሉም። «ጠፋብኝ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ የጠፋ ዕቃ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ወንጀል የሚያጣራ ሰው አይመደብበትም። ከኪሳችሁ ወይም ከቦርሳችሁ መወሰዱን የምታውቁ ከሆነ ያንኑ በግልጽ ተናገሩ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አጠገባችሁ ማን እንደነበር፣ የስልኩን ሞዴል፣ ቀለም፣ የተሰነጠቀበትን ቦታ ሳይቀር አስመዝግቡ። ያላያችሁትን አትጨምሩ፤ የጠረጠራችሁት ሰው ካለ «ጠርጥሬዋለሁ» በሉ እንጂ «እሱ ነው» አትበሉ። ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈውን አንብቡ፣ አይኤምኢአዩን ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ። የመዝገብ ቁጥሩንና መርማሪው ማን እንደሆነ ጽፋችሁ ውጡ።

የቴሌኮም ድርጅት የሲም ባለቤትን ስም ለግለሰብ አይሰጥም፣ መስጠትም የለበትም። ጥያቄው በፖሊስ በኩል በሕግ መንገድ ነው የሚሄደው። «እዚያ የሚሠራ ዘመድ አለኝ» ብሎ በጓሮ መጠየቅ ዘመድን ከሥራ ማስባረርና ጉዳዩን ማበላሸት ነው። ይልቅ በየሳምንቱ እየሄዳችሁ በትሕትና ጠይቁ። መምህሩ ሐሙስ ሐሙስ ከማስተማር ሲወጡ ጣቢያው ጎራ ይሉ ነበር፤ ለሦስት ወር።

በጎን ደግሞ ለሞባይል ጥገና ቤቶች ሞዴሉንና አይኤምኢአዩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ስማቸውን የሚያከብሩ ጠጋኞች ስልክ ሲመጣላቸው ያያሉ። የቴሌግራም መሸጫ ቡድኖችንም እዩ። ስልካችሁን ብታዩት ገዢ መስላችሁ ዋጋ ጠይቁና ስክሪንሾቱን ለመርማሪው አድርሱ፤ ራሳችሁ ልትይዙት አትቅጠሩ።

ስልኩ ሌላ ሰው እጅ ቢገኝ «ገዝቼው ነው» ሊላችሁ ይችላል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ሌባውን ሲመለከት፣ አንቀጽ 682 የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የተቀበለውን ይመለከታል። ካርቶንና ደረሰኝ የሌለውን ስልክ በግማሽ ዋጋ የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን ያስብበት።

የአይፎን ባለቤቶች ደግሞ ከሳምንታት በኋላ «ስልክዎ ተገኝቷል፣ ያለበትን ለማየት ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ አትንኩት። ሌባው የይለፍ ቃላችሁን እየለመነ ነው፤ ያለ እሱ ስልኩ አይከፈትለትም።

ስልኩ ገና እጃችሁ ላይ ላለ

*#06# ደውሉ፤ የሚወጣውን ቁጥር በደብተር ጻፉ፣ ፎቶውንም ለቤተሰብ ላኩ። ሴቲንግ ውስጥ የሲም ፒን አብሩ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፐክ የሚባለውን የሲም መክፈቻ ኮድ ስለሚጠይቅ ኮዱ የተጻፈበትን የሲሙን ማቀፊያ ካርድ አትጣሉ። ሱቅ የከፈተላችሁን ጂሜይል በራሳችሁ ይለፍ ቃል ቀይሩ። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ያላችሁ በጎግል ሴቲንግ ውስጥ የስርቆት መከላከያውን ፈልጉ፤ ስልኩ ከእጅ ተመንትፎ ሲሮጥበት ስክሪኑን የሚቆልፍ፣ እንዲሁም ከሌላ ስልክ በቁጥራችሁ ብቻ መቆለፍ የሚያስችል አለው። አስቀድሞ ካልበራ ግን አይሠራም። ለጥምቀት ጥር 10 እና 11 ታቦት ስታጅቡ ስልኩን በውስጥ ኪስ አድርጉ፤ የኋላ ኪስና ክፍት ቦርሳ አይሆንም።

ሲመለስ

ፖሊስ ስልኩን ካገኘው ጉዳዩ እስኪያልቅ በኤግዚቢትነት ሊይዘው ይችላል፤ በፊርማ መረከብ ይቻል እንደሆነ መርማሪውን ጠይቁ። ስትረከቡ *#06# ደውላችሁ ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር እዚያው አስተያዩ። ሌላ ሰው ምን እንደጫነበት ስለማይታወቅ የባንክ መተግበሪያ ከመክፈታችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ አጽዱት። የተረከባችሁበትን ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስልኩን አንድ ቀን ብትሸጡት ገዢው መጠየቁ አይቀርም።